በዚህ በር ሾልኮ መውጣት ክልክል ነው

ከቅርብም ከሩቅም እትዬ ዳሲቱን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁ ወገኖች ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ እንዳነብ የታዘዝሁት እኔ ናፍቆት ነኝ። ማንበብ የሚገባቸው ወንድማቸው አቶ ቀነኒሳ ጉዲሳ ነበሩ፤ ነገር ግን ትናንት የእድሩ ዳኛ ወረቀት ሲሰጧቸው «እኔ የማውቀው እስከ ሠርጓ ድረስ ነው፤ የቀረውን ልጅቷ ታውቀዋለች» ብለው ወረቀቱን ወደ እኔ አሳለፉት። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ከኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉልኝ።

ወይዘሮ ዳሲቱ ጉዲሳ ከአባታቸው ከአቶ ጉዲሳ ጀቤሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺሐረግ ወልደገብርኤል በኅዳር ወር 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት፣ ያን ጊዜ ግን ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት በነበረው ጥቁር መሬት ላይ ነው። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ወንድማቸው አቶ ቀነኒሳ ተወለዱ፤ እናታቸው እርሻ ሲውሉ ሕፃኑን አዝለው የሚቆዩት እርሳቸው ነበሩና፣ አቶ ቀነኒሳ ትናንት ሲያጫውቱኝ «እኔ እህቴን መጀመሪያ ያወቅኋት በጀርባዋ ነው፤ ፊቷን ያየሁት መራመድ ስጀምር ነው» ብለው በለቅሶ መካከል ለቀስተኛውን አሳቁት።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው አቃቂ ከተማ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ሰኔ ላይ ጭቃው ጫማ እየነጠቀ፣ መስከረም ላይ ወንዙ ሞልቶ መንገድ እየዘጋ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ወደ ሰባተኛ እንዳለፉ እናታቸው በመታመማቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ቤት ዋሉ፤ ወደ ክፍልም ዳግመኛ አልተመለሱም። ሆኖም ያገኙትን ወረቀት ሁሉ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር፣ አቃንተው የማንበብ ልማዳቸው እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም።

በ1968 ዓ.ም. አቃቂ በሚገኝ ፋብሪካ በፈትል ክፍል ተቀጠሩ። በዚያ ክፍል የማሽኑ ጩኸት ሰውን ከሰው ስለማያደማምጥ ሠራተኞቹ የሚነጋገሩት በከንፈርና በእጅ ነበር፤ እርሳቸውም የማሽን ጠጋኝ ከነበሩት ከአቶ ፀሐዩ ጋር አንዳቸው የሌላውን ድምፅ ሳይሰሙ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነጋገሩ ቆይተው በ1971 ዓ.ም. ተጋቡ። ከሠርጉ በኋላ ፀጥ ባለ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀመጡ አቶ ፀሐዩ «ድምፅሽ ቀጭን ይመስለኝ ነበር» ማለታቸውን እትዬ በተናገሩ ቁጥር ይስቁ ነበር። ስለ ባላቸው ሲያወሩ የሚስቁት በዚህች ብቻ ነው።

በ1973 ዓ.ም. ልጃቸው ሃዊ ተወለደች። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ልጆች አንድ ማቆያ ክፍል የነበረው ሲሆን፣ በዚያ ክፍል ሃያ አራት ሕፃናትን ሁለት ሞግዚቶች ይጠብቁ ነበር። ሃዊ ጠዋት ጠዋት የእናቷን ቀሚስ ይዛ አልለቅም እያለች ስለምታለቅስ፣ እትዬም ሌሎቹ እናቶች እንደሚያደርጉት፣ ልጅቷ ወደ ሌላ ነገር ስትዞር ሾልከው መውጣትን ለመዱ። በየካቲት 1975 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሃዊ በመስኮቱ ላይ ያረፈች ርግብ ስታይ እርሳቸው በእግራቸው ጣት ወጡ። ከቀትር በፊት ልጅቷን ድንገተኛ ትኩሳት ጣላት። ሊጠራቸው የተላከው ሰው በፈትል ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ስማቸውን ቢጮኽም ከማሽኑ ጩኸት የተነሣ አልሰሙም፤ ተፈልገው ክሊኒክ ሲደርሱ ሃዊ አርፋ ነበር። ሞግዚቷም ልታጽናናቸው ብላ «አላሠቃያትም እኮ፤ ዝም ብላ በር በሩን ስታይ ነበር» አለቻቸው።

ይህን ታሪክ ለእኔ የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሲነግሩኝ አላለቀሱም።

የሃዊ አርባ ካለፈ በኋላ ወደ ሥራ ሲመለሱ ከፈትል ክፍል ወደ ሕፃናት ማቆያው እንዲያዛውሯቸው አመለከቱ። አለቃቸው «ፈትል የለመደ እጅ የሽንት ጨርቅ ሊያጥብ ነው?» ብለው ቢከራከሯቸውም፣ ብዙ ሰውም ከሐዘን የተነሣ የሚያደርጉትን አላወቁም ብሎ ቢያማቸውም፣ እርሳቸው ግን ከዚያ ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አልወጡም። በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ደጋግመው አመልክተው ሞግዚቶቹ ከሁለት ወደ ስድስት ከፍ እንዲሉ አደረጉ። ስድስት የሚለውን ቁጥር ከየት እንዳመጡት በስብሰባ ላይ ሲጠየቁ «ሰው ያለው ሁለት ጭንና ሁለት ክንድ ነው፤ አምስተኛውን ሕፃን በምኑ ይይዘዋል?» ማለታቸውን በዚያ ዘመን አብረዋቸው የሠሩ ዛሬም ያስታውሳሉ። ከአቶ ፀሐዩ ጋር ሌላ ልጅ አልወለዱም፤ አቶ ፀሐዩም በ1996 ዓ.ም. ሲያርፉ ብቻቸውን ቀሩ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስም እርሳቸው ከሚሰናበቱት መካከል ሆኑ።

በ2001 ዓ.ም. በአቃቂ በሰቃ በተከራዩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ እናቶቻቸው ገበያ የሚውሉ ሦስት ሕፃናትን ተቀብለው የራሳቸውን ማቆያ ጀመሩ። ቀጥሎም ከሥልጤ መጥተው በሰቃ የተዳሩትን ወይዘሮ አዚዛን የሥራ ባልደረባ አድርገው ያዙ፤ የልጆቹም ቁጥር ስምንት ሲደርስ በሩን ዘጉ። ከዚያ በኋላ የመጣች እናት ብትለምን፣ ብታለቅስ፣ አማላጅ ብትልክም መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ጭን ሞልቷል» ይሉ ነበር። ይህ ቃል በሰቃ ውስጥ ተለምዶ ሚኒባስ ረዳቶች ሳይቀሩ ታክሲው ሲሞላ «ጭን ሞልቷል፣ ሳበው!» እስከ ማለት ደረሱ። እትዬም ይህን ሲሰሙ «እነሱማ ከሞላም በኋላ ይጭናሉ» ይሉ ነበር።

በቤታቸው እያንዳንዱ ልጅ የልብሱ መስቀያ ላይ ራሱ የመረጠው ሥዕል ነበረው፤ የእኔ ጃንጥላ ነበር። መኝታችን ክንድ ያህል ተራርቆ ይነጠፋል፤ ውኃችን ፈልቶ ይቀዘቅዛል። መቁጠር የተማርነው ወደ አፍ እንዳይገባ በጠንካራ ገመድ በተሰካ የሃይላንድ ክዳን ነው፤ ከባድና ቀላልን የተማርነው ድንጋይና ጥጥ በሁለት እጃችን ይዘን ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም እንዘፍን ነበር። ማታ እናት ልጇን ልትወስድ ስትመጣ «ዛሬ እንዲህ በላ» ብለው አያበቁም፤ «ዛሬ እንዲህ ብሎ ጠየቀ» ብለው ልጁ በዚያ ቀን የጠየቀውን አንድ ጥያቄ ይነግሯታል። እርሳቸው መልሱን ለልጁ ነግረውት ከሆነም ለእናቲቱ አይነግሯትም፤ መንገድ ላይ የሚጫወቱት ነገር ይኑራቸው ይሉ ነበር።

በዚህ አሠራር የተቆጣ ወላጅ አልጠፋም። ባለሱቁ አቶ ሀይረዲን ልጃቸው ዚያድ በአራት ዓመቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቤት ሲገባ በማግስቱ ጠዋት መጥተው «እትዬ፣ የጎረቤቴ ልጅ ኤቢሲዲን በቃሉ ይወጣዋል፤ የኔው ጭቃ ያቦካል። ግንበኛ ላደርገው ነው እንዴ የማመጣው?» ብለው ጠየቁ። እትዬም «ሀይረዲን፣ ሱቅህ ውስጥ በርበሬው የተበላሸ እንደሆነ በምን ታውቃለህ?» አሏቸው። አቶ ሀይረዲን «አሸተዋለሁ፣ በጣቴ አሸዋለሁ» ቢሏቸው፣ «ታዲያ አፍንጫህንና ጣትህን ኤቢሲዲ አስተማረህ? ጊዜ ስጠው፤ ፊደሉ የትም አይሄድም» አሏቸው። አቶ ሀይረዲን እየሳቁ ሄዱ፤ ያን ዕለት ማታ ሲመጡ ግን የዚያድ የቀኑ ጥያቄ «ጥላዬ ሲመሽ የት ነው የሚያድረው?» የሚል እንደነበር ሲሰሙ ልጁን ይዘው ወደ ደጅ ወጥተው የራሳቸውን ጥላ ፈለጉ። ይህን እንድጽፍ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ መልሱን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም ብለውኛል።

ከሁሉ በላይ ግን ቤታቸው አንድ ጽኑ ደንብ ነበረው። በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በገዛ እጃቸው በጥቁር ቀለም «በዚህ በር ሾልኮ መውጣት ክልክል ነው» ብለው ጽፈው ነበር። ልጇን ያመጣች እናት ወይም አባት ተንበርክኮ፣ ዓይኑን ከልጁ ዓይን እኩል አድርጎ፣ ሦስት ነገር ሳይነግረው መውጣት አይችልም፦ ወዴት እንደሚሄድ፣ ልጁ ከማን ጋር እንደሚቆይ፣ መቼ እንደሚመለስ። መቼ የሚለውም በሰዓት ሳይሆን ልጅ በሚያውቀው ነገር ይነገራል፤ «ከእንቅልፍህ ተነሥተህ ብርቱካንህን ስትበላ እመጣለሁ» እንደማለት ነው። እናቶች «ካልሸሸሁ እኮ ያለቅሳል» ሲሏቸው «ያልቅስ። ያለቀሰ ልጅ እናቱ መሄዷን አውቋል፤ የተሸወደ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ በር ያያል» ይሏቸው ነበር። ከዚህ በላይ አያብራሩም። ስለ ሃዊ የማያውቅ ሰው ይህን የክፉ ሴትዮ ግትርነት አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

እኔ ወደዚህ ቤት የመጣሁት በ2005 ዓ.ም. የሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። እናቴ ፋብሪካ ትሠራ ስለነበር ሁልጊዜ መጨረሻ የምወሰደው እኔ ነበርሁ። በ2008 ዓ.ም. አንድ ጠዋት እናቴ በሩ ላይ ተንበርክካ «ዐረብ አገር ለሥራ እሄዳለሁ፤ ከእትዬ ዳሲቱ ጋር ትቆያለሽ፤ ሦስት ክረምት ሲያልፍ እመለሳለሁ» አለችኝ። ሁለት ዓመት ትደውል ነበር፤ ከዚያ ስልኳ መጥራት አቆመ። ሦስተኛው ክረምት ሲያልፍ እትዬን ምንም ሳልጠይቃቸው፣ ልብስ እያጠቡ «እናትሽ ሾልካ አልሄደችም። ፊት ለፊት ነግራሽ ነው የሄደችው። ያልመጣችው ዋሽታሽ አይደለም፤ የምታውቀው ያን ያህል ነበር» አሉኝ። አሁን አሥር ክረምት አልፏል። በትምህርት ቤት ፎርም ላይ አሳዳጊ በሚለው መስመር ላይ የእርሳቸው ስም እንደተጻፈ አምና ስምንተኛ ክፍልን ጨረስሁ።

ለኮንዶሚኒየሙ ከተነሣው የአባታቸው መሬት በምትክ ኮዬ ላይ በደረሳቸው ቦታ ቤት ሠርተው በ2012 ዓ.ም. ማቆያውን ወደዚያ አዛወሩ። የበሰቃውን በር ነቅለው በጋሪ ጭነው ወሰዱት፤ አናጺው «እትዬ፣ አዲስ በር ይሻላል፤ ይህ ተበልቷል» ቢላቸው «በሩ ይበላ፤ ጽሑፉ ይግባልኝ» አሉት። በቂሊንጦ ፋብሪካዎች የሚሠሩ እናቶች ሰርቪስ እንዳያመልጣቸው እየሮጡ ልጆቻቸውን ያመጡ ነበር። ከእነርሱ አንዷ ጽሑፉን ባየች ጊዜ «እትዬ፣ ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት እንኳ እንዲህ ብሎ አልጻፈም!» ብትላቸው፣ «የእነሱ እስረኛ ራሱ መውጣት ይፈልጋል፤ የኔ እስረኞች ግን የማይፈልጉት አንቺ እንድትወጪ ነው። ተንበርከኪ፤ ሦስት ቃል ሰርቪስ አያስመልጥም» አሏት። በዚያ ቤት ሠራተኞቹ ከወይዘሮ አዚዛ ጋር አምስት፣ ልጆቹም ሃያ ደረሱ፤ ከሃያም አልፈው አያውቁም።

ልጆቹ ሁሉ ተወስደው፣ ሠራተኞቹም ወጥተው ቤቱ ጭር ሲል፣ እትዬ ከትንንሾቹ በርጩማዎች በአንዱ ላይ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ይቀመጡ ነበር። እኔም በሌላው እቀመጣለሁ። ብዙ አናወራም፤ እርሳቸውም ዝምታን ያውቃሉ፣ እኔም መናገር አላውቅበትም። ኮንዶሚኒየሙ መብራት በመብራት ሲሆን፣ በየመስኮቱ እናቶችና ልጆች ሲታዩ፣ እኛ ሁለታችን ያልመጣ ሰው እንዳለን ተቀምጠን ቆይተን፣ ከዚያ እርሳቸው «በይ፣ ዛሬ ሁሉም ተወስዷል» ብለው ይነሡና በሩን ይዘጋሉ። በየቀኑ የሚሉት ይህንኑ ነበር። እኔ ግን አልተወሰድሁም ብዬ አስብ የነበረው ልጅ ሳለሁ ነው፤ በኋላ እኔ እዚያው የተወሰድሁ መሆኔ ገባኝ። ይህን ለእርሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ድካም ያዛቸው። ትንፋሽ ሲያጥራቸውም ጠዋት በሩ ላይ መቆማቸውን አልተዉም፤ መቆም ሲያቅታቸው ተቀምጠው፣ መቀመጥ ሲያቅታቸው ከአልጋቸው ሆነው «አዚዛ፣ ነግራው ወጣች?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ባለፈው ወር ሕመሙ ስለጸናባቸው ሆስፒታል ገብተው ሐኪሞች በሚቻላቸው ሁሉ ረዷቸው።

አሁን የምናገረውን የእድሩ ዳኛ ከወረቀቱ አውጪው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ሳልናገረው ብቀር እትዬን እንደገና የማታልላቸው ይመስለኛል። ሐሙስ ማታ የመጠየቂያው ሰዓት ሲያልቅ ጥበቃው «ጠያቂዎች፣ ውጡልን» እያሉ በየክፍሉ ሲዞሩ እርሳቸው እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ላስነሣቸው ፈራሁ። ሰው በተኛበት ክፍል ድምፅ አውጥቼ መጣራትም አፈርሁ። ፔርሙዙ እንዳይንኳኳ አቅፌው በእግሬ ጣት ወጣሁ። አርብ ጠዋት ስመለስ አልጋው ተነጥፎ ነበር። ነርሷ ለማጽናናት ብላ «ከወጣሽ በኋላ ነቅተው ነበር። 'ልጅቷ ወጣች?' ብለው ጠየቁኝ፤ ሌላ በሽተኛ ይዤ ስለነበር አልመለስኩላቸውም። ንጋት ላይ ነው ያረፉት፤ አላሠቃያቸውም፤ ዝም ብለው በር በሩን ሲያዩ ነበር» አለችኝ። በዚያ ቤት አሥራ ሦስት ዓመት ኖሬ፣ ያን ጽሑፍ በየቀኑ እያነበብሁ፣ ሾልኬ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ወይዘሮ ዳሲቱ ጉዲሳ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈው፣ ልጃቸው ሃዊ በተቀበረችበት በዚሁ ደብር ሥርዓተ ቀብራቸው በዛሬው ዕለት ይፈጸማል። ወንድማቸውን አቶ ቀነኒሳን ከነቤተሰባቸው፣ ወይዘሮ አዚዛንና የሥራ ባልደረቦቻቸውን፣ ዛሬ መስቀያቸው ባዶ የሆነ ሃያ ሕፃናትን፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ በዚያ በር የገቡና የወጡ በርካታ ልጆችን ትተው ሄደዋል። በእድሩ ፎርም ላይ «ልጆች» በሚለው መስመር ምን ልጻፍ ብዬ አቶ ቀነኒሳን ብጠይቃቸው «ምን ይጠየቃል? ስምሽን ጻፊ እንጂ» ስላሉኝ፣ ሃዊ ፀሐዩ ብዬ ከጻፍሁ በኋላ ከሥሯ ናፍቆት ብዬ ጽፌያለሁ።

ያለቀሰውን ሕፃን የሚሰማ አምላክ የእትዬን ነፍስ በደጁ ሳያስቆም ይቀበላት፤ ከልጃቸውና ከባላቸው ጋር ያሳርፋቸው፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።

ከመቀመጤ በፊት ሐሙስ ያልነገርኋቸውን ልንገራቸው። ተንበርክኬ ማንበቡ ደንብ ካልሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እትዬ፣ ወደ ኮዬ እሄዳለሁ። ሠልስቱ ሲያልቅ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከወይዘሮ አዚዛ ጋር በሩን እንከፍታለን፤ ሳይነግር የሚወጣ ወላጅ የለም። እርስዎ ከሃዊ ጋር ይቆያሉ። እኔ ደግሞ ሽምብራው አብቦ ሲያዩት፣ ለአርባዎ፣ እመለሳለሁ።

አሁን በሩን አይዩ። ነግሬዎታለሁ።